መርካቶ፦ አገር በአንድ ገበያ

አገር ማየት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ መንገድ ነው። ስንቅ ይሰንቃል፤ የመኪና ሒሳብ ያሰላል፤ ከሥራው ፈቃድ ይጠይቃል። በእርግጥ አገርን ዞሮ እንደማየት ያለ ትምህርት የለም። ዳሩ ግን ለዚህ የሚበቃ ጊዜና ገንዘብ የሌለን ብዙዎች ነን። ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱ ከደጃችን ነው። እኛ ወደ አገሩ ሁሉ መሄድ ባንችልም፣ አገሩ ሁሉ ተጭኖ የሚመጣበትን ቦታ እናውቃለን። ይኸውም በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ የሚገኘው መርካቶ ነው።

እኛ ማታ ማታ ፊደል ለማስተማር የተመደብን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከምናስተምራቸው ሰዎች ብዙዎቹ መርካቶ ውስጥ ቅመም የሚቸረችሩ፣ ቅቤ የሚሸጡ እናቶች ናቸው። ሸክም የሚሸከሙ ወንድሞችም አሉ። አንድ ማታ የ"ከ"ን ዘሮች ስናስተምር ሰሌዳው ላይ "ኮረሪማ" ብለን ጻፍን። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

"ልጆቼ፣ ለመሆኑ ኮረሪማ የሚለቀመው ከዛፍ ላይ ነው ወይስ ከመሬት?" ሲሉ ጠየቁን።

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችን "ከዛፍ ላይ ነው" አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን። እናታችን ከት ብለው ሳቁ። "እንዴ! ዩኒቨርሲቲ ይህን አይነግራችሁም እንዴ? በሉ ቅዳሜ ኑና እኔ አስተምራችኋለሁ" አሉን።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ቅዳሜ ያየነውንና የሰማነውን፣ ከመጻሕፍት ካገኘነው ጋር አያይዞ የሚያስረዳ ነው።

የገበያው አመጣጥ

"መርካቶ" የሚለው ቃል ጣሊያንኛ ነው። ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይውል ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በያዘበት ጊዜ ግን ነጭና ጥቁር ተለያይቶ ይኑር የሚል ሕግ አወጣ። በዚህም ምክንያት የአገሬውን ሰው ከአራዳ አስነሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ገበያውንም አብሮ አዛወረው። አዲሱ ሰፈር "አዲስ ከተማ" ተባለ።

ገፊው በ1933 ዓ.ም ተባሮ ሄደ። የተገፋው ሰው ግን ገበያውን አልተወውም። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ትግራዩ፣ ዶርዜው ከየአቅጣጫው መጥቶ በአንድ ላይ አቀናው። ለመለያየት ታስቦ የተቆረቆረው ሰፈር ሕዝብ የሚገናኝበት ሆነ። ዛሬ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ እዚያው በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። የቅዳሴውና የአዛኑ ድምፅ በአንድ ገበያ ላይ ይሰማል።

መርካቶ በተራ በተራ የተከፈለ ነው። ሸማ ተራ አለ። ምናለሽ ተራ አለ። ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ የሚባሉም አሉ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለገዢው ይጠቅማል። አንዱ ቢያስወድድበት ወደሚቀጥለው ሁለት እርምጃ ብቻ ይራመዳል። ለሻጩም ቢሆን ይጠቅመዋል፤ የጎደለውን ከጎረቤቱ ይበደራል፤ የቀኑን ዋጋ ሳይጠይቅ ያውቃል።

አንድ አገር፣ ብዙ አየር

ወደ ዕቃው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንረዳ። በአንድ ገበያ ውስጥ የበረሃ ጨው፣ የቆላ ዕጣን፣ የወይና ደጋ ቡና፣ የደጋ ገብስ ጎን ለጎን እንዴት ሊገኙ ቻሉ?

ኢትዮጵያ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ3ኛውና በ15ኛው ዲግሪ መካከል ነው። ይህ የሐሩር ክልል ይባላል። በሐሩር ክልል ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት በላይ ስለማትርቅ አገሩ ሁሉ ሞቃት መሆን ነበረበት። ነገር ግን የአገራችን መሬት እኩል አይደለም። ዳሎል አካባቢ ያለው ምድር ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የራስ ዳሽን ተራራ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ የወጣ ሰው ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ቀንሶ ያገኘዋል።

ስለዚህ አባቶቻችን አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። እያንዳንዱም የራሱ ተክል፣ የራሱ ምግብ፣ የራሱ ሙያ አለው። ቆለኛው ደገኛው የሚያመርተውን ይፈልጋል፤ ደገኛውም እንዲሁ። ገበያ የሚፈጠረው ከዚህ ነው። መርካቶ ውስጥ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው መሄድ ከቆላ ወደ ደጋ እንደ መውጣት ነው። መኪናው ብቻ ነው የሚቀረው።

የጫካ ስጦታዎች

ቅዳሜ ጠዋት እናታችን ከቅመም መደባቸው ፊት አስቀመጡን። አንዲት በክር የተሰካካች የኮረሪማ ዛላ አንሥተው ሰጡን። ፍሬዎቹ የሾላ ያህል ናቸው፤ ደርቀው ቡኒ ሆነዋል። እያንዳንዱ ፍሬ ተበስቷል።

"ይህ ቀዳዳ ለምንድን ነው እማማ?" አልናቸው።

"ሊደርቅ ነዋ! በስተው በክር ካልሰቀሉት ውስጡ ይበሰብሳል" አሉን።

ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ነው። የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በከፋና በአካባቢው፣ ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ ከሰው ቁመት ይደርሳል፤ ፍሬው ግን የሚወጣው ከግንዱ ጫፍ ላይ አይደለም። ከሥሩ አጠገብ፣ ከአፈሩ ላይ ነው። ሲበስል ቀይ ይሆናል። ለቃሚው ጎንበስ ብሎ ይለቅመዋል። የማታው ጥያቄ መልስ ይህ ነበር።

ቡናም የዚሁ ጫካ ልጅ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚጠጣው ቡና "አረቢካ" ይባላል። ስሙ ዓረብን ያስታውሳል እንጂ የዘሩ መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። ከዚህ ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመንም ወደ እስያ፣ በኋላም ወደ ላቲን አሜሪካ ሄደ። ዛሬ ብራዚል ብዙ ቡና ብታመርትም ሰው ሳይዘራው በጫካ ውስጥ የሚበቅለው ቡና ሰፊ ዘር ያለው በእኛ አገር ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገር። በ1960ዎቹ ዓ.ም የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቆረ የሚያደርቅ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ብዙ ገበሬ ምርቱን አጣ። በጅማ የነበሩ የቡና ተመራማሪዎች ግን ወደ ጫካው ሄዱ። በጫካው ውስጥ በሽታው ያልነካቸው የቡና ዛፎች አገኙ። የእነዚህን ዘር መርጠው አባዝተው ለገበሬው አደሉ። መድኃኒቱ የተገኘው ከጫካው ነው ማለት ነው። ጫካው ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። በ2002 ዓ.ም የከፋና የያዩ የቡና ጫካዎች በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ሆነው ተመዝግበዋል።

ከዚሁ ጫካ ጥምዝም ይመጣል፤ ማርም ይመጣል። በከፋና በሸካ ሰዎች ቀፎ ሠርተው ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ንቡ የጫካውን አበባ ቀስሞ ማሩን ይሠራል። ከትግራይ የሚመጣው ማር ነጭ ነው፤ የጫካው ግን ጠቆር ወይም ቢጫ ይላል። የማር ቀለም የሚለያየው ንቡ የቀሰመው አበባ ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ ነጭ ስላልሆነ ብቻ ማርን መናቅ አይገባም።

በርበሬና የሩቅ አገር እንግዶች

በርበሬ በረንዳ የደረሰ ሰው ቦታውን ሳያይ በአፍንጫው ያውቀዋል። እኛም ሳንገባ አነጠሰን። የማረቆው፣ የአላባው በርበሬ በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር እንንገራችሁ። ወጣችን ያለ በርበሬ ወጥ አይመስለንም። ነገር ግን በርበሬ የዘር አገሩ አሜሪካ ነው። ወደ እኛ የመጣው ከ500 ዓመት ወዲህ፣ መርከበኞች ወደዚያ ክፍለ ዓለም መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ነው። ድንችና በቆሎም እንዲሁ ከዚያው ናቸው። ቅርንፉድ ደግሞ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ተነሥቶ በዛንዚባር ተተክሏል። ቀረፋና ሄልም ከእስያ በንግድ የመጡ ናቸው። እናቶቻችን ግን እነዚህን እንግዶች ከአገራችን ኮረሪማ፣ ከጥቁር አዝሙድ፣ ከበሶብላ፣ ከጤና አዳም ጋር ደልዘው፣ አጥነው፣ አስፈጭተው የራሳቸው አደረጓቸው። ስለዚህ የወጥ በርበሬ ስናስፈጭ የብዙ አገር ታሪክ አብረን እናስፈጫለን። የአገር ባህል ማለት ከውጭ ምንም አለመቀበል ማለት አይደለም። የተቀበሉትን በራስ እጅ መለወጥ ማለት ነው።

በርበሬ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ሚዛን እንዲያነሣለት ዛላው ላይ ውሃ ይረጫል። ገዢው ለውሃው ይከፍላል ማለት ነው። ጉዳቱ ግን በገንዘብ ብቻ አያበቃም። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ ይህም መርዝ ወጡ ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ ዛላውን ሰብሮ ውስጡን ማየት ነው። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለው አይገዛም። የተፈጨ ከመግዛት ዛላውን ገዝቶ፣ ለቅሞና አድርቆ ማስፈጨት ይሻላል። በተፈጨው ውስጥ ቀይ አፈር የሚቀላቅል አይጠፋምና።

ከበረሃው፦ ጨውና ዕጣን

ከቅመሙ አለፍ ሲል ጨው አለ። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ይባላል። ድሮ ግን ጨው እውነትም ድንጋይ ይመስል ነበር። በአፋር፣ ከዳሎል አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ፣ ሠራተኞች በከባድ ሙቀት ውስጥ ጨዉን ከምድር እየፈነቀሉ በአራት ማዕዘን ይጠርቡታል። ይህ አሞሌ ይባላል። አሞሌው በግመል ተጭኖ ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ ይወጣ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታትም እንደ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ከበረሃው ርቆ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ምክንያቱም የግመሉም የሰውም ድካም ዋጋው ላይ ይታከልበታል።

ዛሬ ከምንበላው ጨው ብዙው የሚመጣው ከዚያው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ጨው ስንገዛ አዮዲን የተጨመረበት መሆኑን እናረጋግጥ። አዮዲን ያጣ ሰውነት እንቅርት ያወጣል። ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን ካጣች ደግሞ የሕፃኑ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። በከረጢቱ ላይ "አዮዲን" የሚል ቃል ካለ ማንበብ ነው። እነሆ፣ ፊደል ማወቅ ለልጅ ጤና የሚበጀው እንዲህ ነው።

ዕጣንም የቆላ ልጅ ነው። የዕጣን ዛፍ በትግራይ፣ በመተማ፣ በሁመራ፣ በቤኒሻንጉል ቆላዎች፣ በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ይበቅላል። በበጋ ልጡ በትንሹ ይፋቃል። ከቁስሉ ነጭ እንባ ይወጣል፤ ይደርቅና ይለቀማል። በቤተ ክርስቲያን ይጤሳል፤ በቡና ጊዜም ከረከቦቱ አጠገብ ይጤሳል። ዳሩ ግን ዛፉ ዕረፍት ይፈልጋል። ያለ ልክ ከተፋቀ የሚበቅል ዘር እየቀነሰበት ይሄዳል። ችግኙንም ከብት ይበላዋል፤ እሳት ያቃጥለዋል። አሮጌው ሲሞት የሚተካው ወጣት ዛፍ በብዙ ቦታ እየጠፋ መሆኑን ያጠኑ ሰዎች ገልጸዋል። የዛሬውን ዕጣን ስናጤስ የልጅ ልጆቻችንን ዕጣን አብረን እንዳናጤስ ያሰጋል።

እንሰት፣ ቆጮና ቅቤ

እኩለ ቀን ሲሆን ራበን። እናታችን ወደ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ወሰዱን። ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልን። ከእኛ መካከል ቆጮ በልቶ የማያውቅ ሰው ነበረ። መጀመሪያ አፍንጫውን ነፋ። ሁለተኛውን ጉርሻ ግን ማንም ሳያጎርሰው ራሱ ጎረሰ።

ቆጮ ከእንሰት ይሠራል። እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። በአገራችን በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። እንሰት እንደ ምግብ ተለምዶ የሚተከለው በኢትዮጵያ ነው። ተክሉ ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይፈልጋል። ሲደርስ ሴቶች በደቦ ተሰብስበው ይፍቁታል። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ እዚያም ይብላላል። ከፍተው አውጥተው ቃጫውን ይለዩና ይጋግሩታል። ነጩና ምርጡ ክፍል ቡላ ይባላል። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ ደግሞ አሚቾ ነው። ከግንዱ የሚወጣው ቃጫ ገመድና ጆንያ ይሆናል። ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፤ ቅቤም ይጠቀለልበታል። ከእንሰት የሚጣል ነገር የለም።

እንሰት ድርቅን ይችላል። ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀር እህል ይጠፋል፤ እንሰት ግን ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ እንሰት ያለው ቤት ጎተራውን ጓሮው ውስጥ አቁሟል ማለት ነው።

ስለ ቅቤ ስንናገር የራሳችንን ሞኝነት እንናዘዝ። ባለፈው በዓል ለጓደኞቻችን ዶሮ ልንሠራ ከአንድ ቦታ ቅቤ ገዛን። ቀለሙ ያምር ነበር። እሳት ላይ ሲጣድ ግን ከሥሩ ወፍራም ገንፎ የመሰለ ነገር ቀረ። ለካስ ሙዝ ተፈጭቶ ተቀላቅሎበት ኖሯል። ይህን ለእናታችን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቅቤ በዓይን ብቻ አይገዛም ልጆቼ" አሉ። "ለጋ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ በሳል አለ። ሁሉንም አሽትተህ፣ በጣትህ አሽተህ ነው። ካልተማመንክ ደግሞ ትንሿን ማንኪያ ላይ አቅልጣት። ጥሩ ቅቤ ጥርት ብሎ ይቀልጣል። ዱቄትም ሙዝም ያለበት ግን ከታች ይዘቅጣል።"

ሚዛንና ፈረሱላ

በመርካቶ ብዙ መስፈሪያ አለ። ቅመም በስኒ ይሰፈራል፤ ሽሮ በጣሳ፤ እህል በኩንታል። ቡናና ቅቤ በጅምላ ሲሸጡ በፈረሱላ ይቆጠራሉ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ይጎዳል። ለምሳሌ አንዲት ነጋዴ ሁለት ፈረሱላ ቡና ገዛሁ ብላ ብትከፍል 34 ኪሎ ማግኘት አለባት። የሚዛኑ መርፌ 32 ላይ ቆሞ እያለ ቁጥሩን ማንበብ ካልቻለች ግን ሁለት ኪሎ በዓይኗ ፊት ተወሰደባት ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ቡና ደግሞ የአንድ ቀን ትርፏ ሊሆን ይችላል።

እናታችን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ሒሳባቸውን የሚይዙት በባቄላ ነበር። ዱቤ የወሰደ ሰው በተቆጠረ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። "አንድ ቀን አይጥ ሒሳቤን በላችው" ብለው አሳቁን። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን ያን ቀን የጠፋው ገንዘብ ለልጃቸው የትምህርት ቤት ልብስ የታሰበ እንደነበረ ሲነግሩን ሳቃችን ቆመ።

ሸማ ተራና ምናለሽ ተራ

ከሰዓት በኋላ ወደ ሸማ ተራ አለፍን። ጋቢው፣ ነጠላው፣ ኩታው፣ ቀሚሱ ተሰቅሏል። ሸማ ሲሠራ መጀመሪያ ጥጡ ይዳመጣል፤ ቀጥሎ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን እያስገባ ይሸምናል። ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ነው። በሽመና ሥራ ስማቸው ከሚነሣ ሕዝቦች መካከል ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ የመጡት ዶርዜዎች ዋነኞቹ ናቸው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ብዙዎቹ ይሠራሉ።

ድሮ ሸማኔን "ቁጢት በጣሽ" እያሉ የሚሰድቡ ነበሩ። የሚሰድቡት ሰዎች ግን ስድቡን የሚናገሩት እሱ የሠራውን ለብሰው ነው። የሰውን ሙያ ንቆ ሥራውን መልበስ ነውር ነው። ዛሬ ሸማኔውን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ጥለት መስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከውጭ ይገባል። ዋጋው ርካሽ ነው። የእጁ ጥለት ግን ብዙ ቀን ይፈጃል። ልዩነቱን ለማወቅ ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው። የተሸመነ ጥለት በጀርባውም ክሩ ይታያል፤ የታተመ ግን በጀርባው ይደበዝዛል።

በ2017 ዓ.ም በጥቅምት ወር በሸማ ተራ አካባቢ ትልቅ እሳት ተነሥቶ የብዙ ሰው ንብረት ወድሟል። መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁ የተጠጋጋ በመሆኑ እሳቱን ማጥፋት አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ መተላለፊያን በዕቃ አለመዝጋትና የኤሌክትሪክ ሽቦን በዘፈቀደ አለመቀጠል የእያንዳንዱ ነጋዴ ኃላፊነት ነው።

በመጨረሻ ምናለሽ ተራ ደረስን። ስሙ "ምን አለሽ?" ከሚለው የገዢና የሻጭ ንግግር ጋር ይሄዳል። እዚህ የሚጣል ነገር የለም። ቆራሌዎች በየሰፈሩ ዞረው የገዙት ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ብረት ወደዚህ ይመጣል። የዘይት ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ ይሆናል። አሮጌው በርሜል ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማው በረባሶ ይሆናል። ከጠዋት እስከ ማታ የመዶሻ ድምፅ አይቋረጥም። በትምህርት ቤት "ጥሬ ዕቃ የለም" የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እዚህ ግን ሌላው የጣለውን ጥሬ ዕቃ ያደረጉ ሰዎች አየን።

ምን ተማርን?

ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ሳንወጣ ከአፋር በረሃ ተነሥተን፣ በከፋ ጫካ አልፈን፣ በጉራጌ የእንሰት ጓሮ አርፈን፣ እስከ ጋሞ ደጋ ደረስን። ከዚህ ጉዞ ሦስት ነገር ተማርን።

አንደኛ፣ ገበያ ላይ የምናየው ዕቃ ሁሉ ከኋላው መሬትና ሰው አለው። ጫካው ከተመነጠረ ኮረሪማው ይጠፋል። የዕጣን ዛፉ ካላረፈ ዕጣኑ ይጠፋል። ዋጋ ተወደደ ብለን ከማማረር በፊት መሬቱ ምን እንደደረሰበት እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ የሚያታልል ሰው የሚያገኘው ማንበብና መመዘን የማይችለውን ነው። ከረጢቱን የሚያነብ፣ ሚዛኑን የሚቆጥር፣ ዛላውን ሰብሮ የሚያይ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ስለዚህ ፊደል የምንቆጥረው ለምስክር ወረቀት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፣ አስተማሪና ተማሪ የሚለዋወጡበት ጊዜ አለ። እኛ "ኮ"ን አስተማርናቸው። እሳቸው ኮረሪማን አስተማሩን። የቱ እንደሚበልጥ አንባቢ ይፍረድ።

አመሻሽ ላይ እናታችን ዕቃቸውን ሲሰበስቡ አንዲት ቁራጭ ካርቶን አወጡ። እርሳስ ጠየቁን። ጎንበስ ብለው፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ጻፉ። ጽሑፉን ጆንያው ላይ ለጠፉት። እንዲህ ይላል፦ "ኮረሪማ። 6 ኪሎ።" የ"ሪ" እግሯ ትንሽ ዘንበል ብላለች። ቁጥሩ ግን ትክክል ነው።

"አሁን አይጥ ብትመጣም ሒሳቤን አትበላም" አሉን።

ጥያቄዎች

1. ኮረሪማ የሚለቀመው ከየት ነው? ፍሬው ለምን ይበሳል?
2. በአንድ አገር ውስጥ በረሃም ደጋም ሊኖር የቻለው ለምንድን ነው?
3. የቡናውን በሽታ ለመከላከል ተመራማሪዎች ወደ ጫካ የሄዱት ለምን ነበር?
4. ሦስት ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው?
5. በእናንተ አካባቢ ገበያ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ምን ዕቃ አለ? ከየት እንደሚመጣ ሻጩን ጠይቃችሁ ጻፉ።